ማን ታሟል፣ ማን የማን ልጅ ነው? በማራካይቦ ሐይቅ ዳር የተካሄደው የሃንቲንግተን በሽታ ጥናት

በሰሜን ምዕራብ ቬንዙዌላ፣ በዙሊያ ግዛት፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙ የአሣ አጥማጅ መንደሮች የሃንቲንግተን በሽታ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። በማራካይቦ ከተማ ያለው የሳን ሉዊስ ሰፈር፣ የባራንኪታስ መንደር፣ እንዲሁም ቤቶቹ በውሃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙበት ላጉኔታስ በጥናቱ ውስጥ ደጋግመው የሚነሱ ስሞች ናቸው። በሌላው ዓለም አንድ የነርቭ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ጥቂት ታማሚዎችን ብቻ የሚያይበት ሕመም እዚህ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በበርካታ ቤቶች ውስጥ ይገኛል። አብዛኞቹ ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከኖረች አንዲት ሴት ይመዘዛል።

በሽታው እ.ኤ.አ. በ1872 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ሃንቲንግተን በዝርዝር ተገልጿል። ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ይበቃል፤ ስለዚህ የታማሚ ልጅ ሁሉ ገና ሲወለድ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። እጅና እግር ያለፈቃድ ይወራጫል፤ አካሄድ ይዛባል፤ ንግግርና መዋጥ ይከብዳል፤ ጠባይና የማሰብ ችሎታም አብረው ይለወጣሉ። ከመነሻው እስከ ሞት 15 ወይም 20 ዓመት ያህል ይፈጃል። ሰው ልጆች ወልዶ ከጨረሰ በኋላ መምጣቱ በሽታው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ እንዲሻገር አድርጎታል።

ስለዚህ ጥናት ሲወራ ጎልቶ የሚነሳው ዘረ መሉ የተገኘበት የላቦራቶሪ ድል ነው። በእኛ ግምት ግን የጥናቱ ክብደት ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳልታመመ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በመወሰኑ ላይ። የላቦራቶሪ ስህተት ናሙናውን በድጋሚ በማስኬድ ይታረማል። በተሳሳተ ሰው ስም ፊት የተጻፈ «ታማሚ» የሚል ቃል ግን ማንም ሳይጠረጥረው ወደ ስሌቱ ይገባል።

መነሻው

ቬንዙዌላዊው ሐኪም አሜሪኮ ኔግሬቴ በ1955 ወደ ሳን ሉዊስ ሲመጣ በመንገድ ላይ እየተንገዳገዱ የሚሄዱ ሰዎችን አይቶ ሰካራም መስለውት ነበር። ነዋሪዎቹ ሕመሙን «ኤል ማል» ይሉታል። ኔግሬቴ ቤት ለቤት እየዞረ መርምሮ በሽታው ሃንቲንግተን መሆኑን አረጋገጠ፤ ሥራውንም በ1963 በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከአገሩ ውጭ ብዙም አልታወቀም። በ1972 የሃንቲንግተን ጽሑፍ መቶኛ ዓመት በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ሲታሰብ ሌላው ቬንዙዌላዊ ሐኪም ራሞን አቪላ ሂሮን የእነዚህን ታማሚዎች ፊልም ለተሰብሳቢው አሳየ። ከተመልካቾቹ አንዷ ናንሲ ዌክስለር ነበረች። እናቷ በዚሁ በሽታ የታመመች፣ በሙያዋ ሳይኮሎጂስት የሆነች ሴት ናት። በ1979 ወደ ሐይቁ ሄደች፤ ከ1981 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካና የቬንዙዌላ ባለሙያዎች ቡድን በየዓመቱ ይጓዝ ጀመር።

የመጀመሪያው ዕቅድ ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነበር። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በቤተሰብ የሚወረስ የኮሌስትሮል በሽታን የፈቱት ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ልጆችን ሴሎች በመመርመር ነበር። በሃንቲንግተንም ተመሳሳይ ሰው ቢገኝ የጎደለው ፕሮቲን ፈጦ ይወጣል ተብሎ ታሰበ። ሁለት ታማሚዎች ተጋብተው የወለዱበት ቤት በብዛት የሚገኘው ደግሞ እዚህ ነው። ዕቅዱ ግን እንደታሰበው አልሄደም። በ1987 በኔቸር መጽሔት እንደወጣው፣ ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሰዎች ከአንድ ወላጅ ብቻ ከወረሱት በሕመማቸው አልተለዩም። የተሰበሰበው ደም ዋጋ ያገኘው በሌላ ሐሳብ ነው። ዴቪድ ቦትስታይንና ሦስት ባልደረቦቹ በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ በዲኤንኤ ላይ ያሉ ተፈጥሯዊ ልዩነቶችን እንደ ምልክት ድንጋይ («ጠቋሚ») ተጠቅሞ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ዘረ መል እንኳ በየትኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ መለየት እንደሚቻል አስረዱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅና በጥንቃቄ የተመዘገበ ቤተሰብ ነው።

የዘር ሐረጉ

ሐረግ መሳል ከሩቅ ሲታይ የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። በተግባር አንድ ሰው በሦስት ስም ይጠራል፦ በመዝገብ ስሙ፣ በቤት ስሙና በቅጽል ስሙ። አንድ አባት ከተለያዩ ሴቶች ልጆች ይኖሩታል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው የአጎት ልጆች በአንድ ግቢ ያድጋሉ። መፍትሔው ያንኑ ጥያቄ እርስ በርስ ያልተመካከሩ ሁለትና ሦስት ዘመዶችን ለየብቻ መጠየቅ፣ የማይገጥመውን ደግሞ ሳይሰርዙ ሁለቱንም መልስ መዝግቦ ማቆየት ነው። ስለሞተ ሰው «በምን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። «ሲራመድ ምን ይመስል ነበር? ሥራ ያቆመው በስንት ዓመቱ ነው? በራሱ እጅ መብላት ያቃተው መቼ ነው?» የሚሉት የተሻለ ይመልሳሉ። የተወራው አባትነት ከደም ጠቋሚዎች ጋር ካልተስማማ፣ ያ መስመር ከስሌቱ ይወጣል፤ ለቤተሰቡ ግን አይነገርም። ይህ ሕግ ከምስጢር ጥበቃም በላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ በሚቀጥለው ዓመት በሩን የሚከፍት አይኖርም።

በመጨረሻ የተሰበሰበው ሐረግ 83 ቤተሰቦችን፣ 10 ትውልዶችንና 18,149 ሰዎችን አቅፏል። ሥዕሉ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዌክስለር ቢሮ አካባቢ ባሉ ግድግዳዎች ላይ ተዘርግቶ ይታይ ነበር።

ምርመራው

ሐኪሞቹ፣ በተለይም አን ያንግና ጃክ ፔኒ፣ መንደሮቹን እየዞሩ ያንኑ ሰው በተለያዩ ዓመታት ደጋግመው ይመረምሩ ነበር። እንዲህ ባለ ምርመራ መርማሪው የሰውየውን የዘር ውጤት ማወቅ የለበትም፤ ቢቻል ያለፈውን ዓመት ውጤትም አያይም። እናቱ መታመሟን ያወቀ ዓይን እግሩን ያነቃነቀውን ሁሉ ታማሚ ያደርጋል።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም፣ ጊዜ ይፈልጋል። ምላሱን አውጥቶ 10 ሰከንድ እንዲቆይ ይጠየቃል፤ ምላሱ ሳይታዘዝ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ምልክት ነው። ራሱን ሳያንቀሳቅስ ከአንድ ጣት ወደ ሌላው በዓይኑ እንዲዘል ይደረጋል፤ የዓይኑ ዝላይ መዘግየቱ ወይም ለመጀመር ዓይኑን መርገብገቡ ብዙ ጊዜ ከመወራጨቱ ቀድሞ ይመጣል። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት በፍጥነት ማጋጨት፣ ቡጢ፣ የእጅ ጎን፣ መዳፍ በየተራ ማሳረፍ፣ ተረከዝን ከጣት ጫፍ እያገናኙ በቀጥታ መስመር መራመድ ይከተላሉ። የዕለት ኑሮ ችሎታ ደግሞ በሾልሰንና ፋን ሚዛን ከ13 እስከ 0 ይመዘገባል። ዛሬ ይህ ሁሉ በአንድ ወጥ ሚዛን ተጠቃልሏል፤ የእንቅስቃሴው ክፍል ከ0 እስከ 124 ይደርሳል፣ ከጎኑም ሐኪሙ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ0 እስከ 4 ይጽፋል። 4 ማለት ቢያንስ 99 በመቶ እርግጠኝነት ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች ብዙ ናቸው። መጠጥ፣ የራስ ጉዳት፣ ለአእምሮ ሕመም የተወሰደ መድኃኒት፣ እርግዝና፣ በልጅነት የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተከትሎ የሚመጣ መወራጨት ሁሉም ይመሳሰላሉ። በልጆች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ20 ዓመት በፊት የሚጀምረው ዓይነት ከመወራጨት ይልቅ በጡንቻ ግትርነት፣ በእንቅስቃሴ ዝግመትና በሚጥል ሕመም ይገለጣል። መወራጨትን ብቻ የሚፈልግ ሐኪም ልጁን ጤነኛ ብሎ ያልፈዋል።

«አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ከሁሉም ርካሹ መልስ ነው። በስሌቱ የሚያስከፍለው ጥቂት መረጃ ማጣት ብቻ ነው። ታማሚ ያልሆነን «ታማሚ» ማለት ግን በዘረ መሉና በጠቋሚው መካከል መቆራረጥ (ሁለቱ ተለያይተው መተላለፍ) የተፈጠረ ያስመስላል፤ ፍለጋውንም ወደተሳሳተ ቦታ ይወስዳል። ጤነኛ የሚመስል የ20 ዓመት ወጣት ስለራሱ ምንም አይናገርም፤ ዕድሉ ከግማሽ እምብዛም አልወረደም። የ65 ዓመት ጤነኛ ወንድሙ ግን እንደ አንድ ታማሚ ያህል ይጠቅማል።

ደሙ

ከታማሚው ብቻ መቅዳት በቂ አይደለም። የትዳር ጓደኛ፣ በሕይወት ያሉ አያቶች፣ ጤነኛ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ ያስፈልጋሉ። የትኛው የክሮሞሶም ቅጂ ከየትኛው ወላጅ እንደመጣ የሚለየው በእነሱ ነው። ሰዎቹ በመጀመሪያ ለመስጠት ፈርተው ነበር። ዌክስለር ራሷ ከታማሚ ቤተሰብ መሆኗንና እሷም ናሙና መስጠቷን፣ በክንዷ ላይ ያለውን የቆዳ ናሙና ጠባሳ በማሳየት ነርሷ ፊዴላ ጎሜዝ ስታስረዳቸው ብዙዎች ፈቀዱ።

ከ10 ሚሊ ሊትር ደም በአማካይ 300 ማይክሮግራም ያህል ዲኤንኤ ይወጣል። በዚያን ጊዜ አንድ የሳውዘርን ብሎት (ዲኤንኤን ቆርጦ በመጠን የሚለይ ምርመራ) መስመር ከ5 እስከ 10 ማይክሮግራም ይበላ ስለነበር አንድ ብልቃጥ ከ30 እስከ 60 ሙከራ ብቻ ያስኬዳል። ስንት ጠቋሚ እንደሚሞከር አስቀድሞ ለማይታወቅ ፍለጋ ይህ አይበቃም። ስለዚህ ሴሎቹ በሕይወት እንዲቆዩ ተደረገ። ነጭ የደም ሴሎቹ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ እንዲጠቁ ተደርገው ያለማቋረጥ የሚባዙ ሆኑ፤ ከዚያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀመጡ። ለዚህ ሥራ የሚቀዳ ደም እንዳይረጋ ሲትሬት ወይም ሄፓሪን ባለበት ብልቃጥ ይገባል፤ በክፍል ሙቀት ይጓዛል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የተለመደው ጥፋት «እንዳይበላሽ» ብሎ በረዶ ውስጥ መክተት ነው፤ ዲኤንኤው ይተርፋል፣ ሕያው ሴል ግን ይጎዳል። በሐይቁ ዳር ያለው ችግር ተቃራኒው ነው፤ በጀልባ ላይ ፀሐይ የመታው ብልቃጥ ላቦራቶሪው ወዳለበት ቦስተን ሳይደርስ ይሞታል። በኋላ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የሴል መስመሮች ተከማችተዋል።

ጠቋሚው፦ 1983

በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጄምስ ጉሴላ ዲኤንኤውን ሂንድ ሦስት በተባለ ኢንዛይም ቆርጦ፣ በጄል ላይ በመጠን ለይቶ፣ ወደ ሽፋን አሸጋግሮ፣ በራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ ምልክት የተደረገበት የዲኤንኤ ቁራጭ እያጣበቀ ፊልም ላይ ያነብ ነበር። መቶዎች መሞከር እንደሚያስፈልግ ሲጠበቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ደርዘን ያህል ቁራጮች አንዱ የሆነው ጂ8 ከበሽታው ጋር አብሮ ሲወረስ ታየ። ዕድል ነው። ዕድሉን ያስተዋለው ግን ሐረጉ ነው።

ማስረጃው የሚለካው ሎድ በሚባል ቁጥር ነው። ጠቋሚና በሽታ አብረው የተላለፉበት አንድ ግልጽ ልደት 0.3 ያህል ይጨምራል፤ 10 ያልተቋረጡ ልደቶች 3 ይሰጣሉ፣ ይህም 1,000 ለ1 ማለት ነው። ጉሴላ በመጀመሪያ ያየው የአሜሪካ ቤተሰብ 1.81 ብቻ ሰጠ፤ 65 ለ1 ገደማ ነውና ማንንም አያሳምንም። የቬንዙዌላው ቤተሰብ 6.72 ሰጠ። ድምሩ 8.53 ሲሆን ከ300 ሚሊዮን ለ1 በላይ ነው። ስሌቱን የሠራው በኢንዲያና ማይክል ኮኔሊ ነበር። ጂ8 በ4ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑ ታወቀ፤ ጽሑፉም በኅዳር 1983 በኔቸር ወጣ። በአሜሪካው ቤተሰብ በሽታው ከጠቋሚው ኤ ቅርጽ ጋር፣ በቬንዙዌላው ከሲ ቅርጽ ጋር ይሄድ ነበር። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሁለቱን ቤተሰቦች ደርቦ «ሲ ያለው ይታመማል» ቢል ኖሮ ፍጹም ይሳሳት ነበር። ጠቋሚ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንጂ በሕዝብ ላይ አይተነብይም።

አሥር ዓመት የፈጀው ቁራጭ መንገድ

ከጠቋሚ ወደ ዘረ መል ለመድረስ እስከ 1993 ፈጀ። በቦስተን፣ በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ፣ በሚሺጋን፣ በኧርቫይን፣ በለንደንና በካርዲፍ ያሉ ስድስት ቡድኖች ተባብረው ሠሩ፤ የመጨረሻው ጽሑፍ 58 ተመራማሪዎችን አስፈርሟል። መዘግየቱ የመጣው በከፊል የዲኤንኤ ውጤታቸው እርስ በርስ ከተጋጨ ጥቂት ሰዎች ነው። የአንዳንዶቹ ክሮሞሶም የተቆራረጠበት ቦታ ዘረ መሉ በክሮሞሶሙ የመጨረሻ ጫፍ ላይ እንዳለ ይጠቁማል፤ የሌሎቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታን። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ጫፉ ድረስ ተሄደ፤ ተቀዳ፤ ምንም አልተገኘም። መንገዱን የቀየረው የሕዝብ ንጽጽር ነው። በ1992 እንደታየው ከታማሚ ክሮሞሶሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በአንድ ጠባብ ቦታ፣ 500,000 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ በሚሆን ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ቅርጽ ይጋራሉ። እዚያ ውስጥ አይቲ15 የተባለው ዘረ መል ተገኘ፤ በመጋቢት 1993 በሴል መጽሔት ታተመ። ጉድለቱ ሲኤጂ የተባሉት ሦስት ፊደላት ከልክ በላይ መደጋገማቸው ነው።

ቆጠራው

ዛሬ የሚሠራባቸው ወሰኖች እነዚህ ናቸው፦ እስከ 26 ድግግሞሽ ጤናማ፤ ከ27 እስከ 35 ለባለቤቱ የማያሰጋ ግን በልጆቹ ሊረዝም የሚችል፤ ከ36 እስከ 39 ሊታመምም ላይታመምም የሚችል፤ 40ና ከዚያ በላይ የሚታመም። ከ60 በላይ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ዝላይም በብዛት የሚመጣው በአባት በኩል ሲተላለፍ ነው።

በወሰኑ ላይ የአንድ ድግግሞሽ ስህተት የአንድን ሰው ሕይወት ይለውጣል፤ ስህተቱ ደግሞ የሚመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ከሲኤጂ አጠገብ ሲሲጂ የተባለ ሌላ ድግግሞሽ አለ፤ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 10 ነው። የፒሲአር (ዲኤንኤን የሚያባዛ ዘዴ) መነሻ ቁራጮች ሁለቱን አቅፈው ካባዙ የሦስት ድግግሞሽ ልዩነት በስህተት ወደ ሲኤጂ ይቆጠራል። መፍትሔው ሲሲጂን የማይነካ መነሻ መጠቀም ነው። ክፍሉ ጂና ሲ በተባሉት ፊደላት የተሞላ ስለሆነ ረጃጅሙ ቅጂ ጨርሶ ላይባዛ ይችላል፤ ውጤቱ በግራፉ ላይ አንድ ጫፍ ብቻ ያሳያል፣ ሁለት እኩል ጤናማ ቅጂ ያለው ሰውም ይመስላል። አንድ ጫፍ ያሳየ ሁሉ በሳውዘርን ብሎት ወይም ረጅሙን በሚያጠምድ ልዩ ፒሲአር ሳይረጋገጥ «ጤናማ» አይባልም። ሦስተኛው ወጥመድ ዘግይቶ ነው የተረዱት። በተለመደው ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ሲኤኤ የሚባል ማቋረጫ አለ። በጥቂት ሰዎች ማቋረጫው ይጠፋል፤ በመጠን የሚቆጥረው ምርመራ ይህን ስለማያይ ያልተቋረጠውን ሰንሰለት በሁለት ያሳንሰዋል፣ ሰውየውም ከተጠበቀው በፊት ይታመማል። ይህን የሚያሳየው ፊደል በፊደል ማንበብ ብቻ ነው።

ቁጥሩ የማይናገረው

በ2004 በታተመው ትልቁ ትንተና ከ3,989 ሰዎች ውስጥ 938ቱ አንድ የታማሚ ቅጂ፣ 18ቱ ሁለት ቅጂ ነበራቸው፤ 80ዎቹ ደግሞ ሊታመሙም ላይታመሙም በሚችሉበት ወሰን ላይ ነበሩ። ድግግሞሹ በረዘመ መጠን በሽታው ቀድሞ ይመጣል። ነገር ግን እኩል ቁጥር ያላቸው ወንድማማቾች በብዙ ዓመት ተለያይተው ሲታመሙ ታዩ። ከቁጥሩ ውጭ ከሚቀረው ልዩነት 40 በመቶ ያህሉ በሌሎች ዘረ መሎች፣ 60 በመቶው በአካባቢ ሁኔታ የሚገለጽ መሆኑ ተሰላ። ይህን ሊያሳይ የሚችለው ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ ሁሉ የተመዘገበበት ሐረግ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ በተደረገ ፍለጋ ፋን1፣ ኤምኤስኤች3 እና ኤምኤልኤች1 የመሳሰሉ ዲኤንኤ ጠጋኝ ዘረ መሎች ተለይተዋል። ድግግሞሹ በአንጎል ሴል ውስጥ በዕድሜ ዘመን እየረዘመ እንደሚሄድና የረዘመበት ፍጥነት የሕመሙን መነሻ እንደሚወስን ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት አለው።

ወደ ቤተሰቦቹ የተመለሰው

ጉዞዎቹ እስከ 2002 ቀጥለዋል። በየጉዞው ሕክምናና መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ በ1999ም በሳን ሉዊስ በዶክተር ማርጎት ደ ያንግ መሪነት «ካሳ ኦጋር አሞር ኢ ፌ» የተባለ የታማሚዎች መኖሪያ ተከፈተ፤ ኋላ ተዘግቷል። ከተገኘው ሳይንስ አንጻር ይህ ትንሽ ነው ብለን እናምናለን። መወራጨትን የሚቀንሰው ቴትራቤናዚን በአሜሪካ በ2008 ሲፈቀድ ደሙን ከሰጡት መንደሮች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ምግብና ለመዋጥ የሚያግዝ ወፍራም ፈሳሽ ነበር። የዚህ በሽታ ታማሚ ያለማቋረጥ ስለሚወራጭ ብዙ ጉልበት ያቃጥላል፤ ክብደቱ ቶሎ ይወርዳል፤ በብዛት የሚገድለውም ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ነው። በቂ ካሎሪ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መመገብና አጠገብ የሚሆን አስታማሚ ማንኛውም ላቦራቶሪ እስኪያመጣ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

የዘር ውጤቱ ጉዳይ ደግሞ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጥናቱ የተገኘ ቁጥር ለግለሰቡ በቀጥታ አይነገርም፤ ይህ አሠራር በራሱ ትክክል ነው። የጥናት ብልቃጥ በጉዞ ላይ ሊቀያየር ይችላል፣ ከቆየ ሴል የተወሰደ ዲኤንኤም በመባዛት ብዛት ድግግሞሹ ሊለወጥበት ይችላል። ማወቅ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ምክር ያገኛል፤ ሐሳቡን ለመለወጥ ጊዜ ይሰጠዋል፤ አዲስ ደም ይቀዳና ለሕክምና በተፈቀደ ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ውጤቱን በአካል ይሰማል፣ ከዚያም ክትትል ይደረግለታል። ምልክት የሌለው ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው አይመረመርም። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያከናውን የምክር ባለሙያ፣ የነርቭ ሐኪምና ቋሚ ክሊኒክ በመንደሩ አጠገብ መኖር አለበት፤ የጥናት በጀት ሲያልቅም ሳይዘጋ መቆየት አለበት። ዕቅዱ ሲነደፍ ይህ ወጪ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልተጻፈ በኋላ የሚገባበት ቦታ አይገኝም።